የአግዳሚው ባዶ ጎን

ጥቅምት 12

ይድረስ ለእማማ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ይዞታል? ያቺ ፌንጣ የልጅ ልጅዎ ዛሬም ደረጃውን እየዘለለች ጎረቤት ታስጮሃለች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እንደገባሁ እጽፋለሁ ብዬ በር ላይ ምዬ ተገዝቼ ይኸው ጠፋሁ። ምን ፊት አለኝ። ወረቀት አወጣለሁ፣ ደንበኛ ይገባል፣ ወረቀቱ ላይ የተቆረጠ ጸጉር ይረግፍበታል፣ ጠቅልዬ እጥለዋለሁ። ሰበቤ ይኸው ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ስንሰነባበት በር ላይ፣ አገርሽ ገብተሽ ስለ እኛ ታወሪያለሽ ወይ ብለው ለጠየቁኝ መልሱ፣ አዎ፣ አውርቻለሁ። ያውም ሰሚው እስኪሰለቸው ድረስ።

ይገርምዎታል፣ ስመጣ ይህን ያህል ነገር አላሰብኩም ነበር። ፋርማሲስቷ ሱቄ ውስጥ ጸጉሯን ልትሠራ ተቀምጣ፣ ባሕር ማዶ ልጆቻቸው ሞተውባቸው የልጅ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ አያቶች አሉ፣ የበጎ ፈቃድ ቡድን ይዤ ልሄድ ነው፣ አንቺም ነይና ጸጉራቸውን ታስተካክዪላቸዋለሽ ስትለኝ፣ ምን ከፋኝ ብዬ ነው የተነሣሁት። አንድ ወር አጥቤ፣ ቆርጬ፣ አበጥሬ እመለሳለሁ፤ ሌላ ምን ይመጣል ብዬ።

ሌላው የመጣው እዚያ ሳፋ አጠገብ ነው። እዚህ ደንበኛ ራሷን ስትሰጠኝ ስልኳን እያየች ነው። እናንተ ግን አንገታችሁን ጣል ስታደርጉልኝ ሰውነታችሁ ሁሉ አብሮ ይላላል። ዳቦ ጋጋሪዋ እጄ ላይ ተኝተው፣ አንኮራፍተው፣ ሲነቁ ያለቀሱት አለቃቀስ ከዓይኔ አይጠፋም። ምነው አመመዎት ብላቸው፣ «አላመመኝም ልጄ፤ የልጆቹን ራስ ሳጥብ የኔን ሰው ከነካው ስንት ዘመኑ መሰለሽ» አሉኝ። እኔም ሳሙናውን አንሥቼ ራሳቸውን እንደገና አጠብኩላቸው። ከዚያ ወዲህ በዕድሜ የገፉ ደንበኛ ሲገቡ እጄ ቶሎ አይነሣም፤ ወረፋ የያዘው ሁሉ ያጉረመርማል። የወንድሜ ሚስት «ባሕር ማዶ ሄዳ ፈዛ መጣች» እያለች ታሾፍብኛለች። ታሹፍ።

ከሁሉ በላይ የማወራው ግን ያንን ጭብጨባ ነው። በመጀመሪያው ቀን አዳራሽ ውስጥ ራስሽን አስተዋውቂ ተብዬ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የእናንተው ነኝ» ብዬ ተመልሼ እርስዎ አጠገብ ስቀመጥ፣ ቤቱ በሙሉ ተነሥቶ ያጨበጨበልኝን። የአያቶች ማኅበራችሁ ሊቀመንበር መጥተው ግንባሬን ሳሙኝ። ፋርማሲስቷ ያን ሁሉ መድኃኒት ይዛ መጥታ እንዲያ አልተደረገላትም፤ ትንሽ ቅር ሳይላት አልቀረም። እማማ፣ እኔ በሕይወቴ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። አልተመረቅኩ፣ አልተሞሸርኩ፤ ትምህርት ቤትም የምቀመጠው ከኋላ ነበር። አሁን መቀስ ይዤ እንደቆምኩ ድንገት ትዝ ሲለኝ ፈገግ እላለሁ፤ ደንበኞቼ ፍቅር የያዘኝ ይመስላቸዋል።

ለኔ ለምን እንዲያ እንደተጨበጨበ ግን እስካሁን አልገባኝም። ደግሞ ሊቀመንበሯ ሰሞኑን ለፋርማሲስቷ ደውለው ለኔ ሰላምታ ሲልኩ፣ «ዕቃዋን ጭና አልጨረሰችም ወይ» ብለው ጠየቁ አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እስቲ እርስዎ ያስረዱኝ።

ፌንጣን ጉንጯን ይሳሙልኝ።

ጸጉር ሠሪዋ ልጅዎ


ኅዳር 3

ለጸጉር ሠሪዋ ልጄ፤

ዘገየሁ ብለሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፤ እኔም ደብዳቤሽን ይዤ ስንት ቀን እንደተቀመጥኩ ብታውቂ እኩል ነን ትዪ ነበር። ጉልበቴ ያው ነው፤ ደረጃ ስወጣ ይሰድበኛል፣ ስወርድ ይረግመኛል።

በፋርማሲስቷ በኩል ላስጠየቅሽኝ መልሱ፣ አይሆንም፣ ስልክ አትደውዪልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስልክ ቤት ተቀምጬ የሰው መስመር ሳገናኝ ኖሬ፣ ግራ ጆሮዬን እዚያው ትቼው ነው ጡረታ የወጣሁት። ደግሞ በስልክ ሁሉም ሰው ደህና ነኝ ነው የሚለው። ሰው ቁጭ ብሎ ሲጽፍ ነው ትንሽ እውነት የሚያመልጠው።

ወሬ ከፈለግሽ፣ ሊቀመንበሯ አንቺ የቆረጥሽላት ጸጉር እንዳይበላሽባት በሻሽ ጠፍራ ነው የምትተኛው። ዳቦ ጋጋሪዋ ለሰው ሁሉ አንገቷን ጣል እያደረገች እጠቡኝ ትላለች፤ የሚያጥባት አጣች። ፌንጣ ደግሞ ካደግሁ ጸጉር ሠሪ ነኝ ብላ ተነሥታ የጎረቤቱን ድመት ጢም ሙልጭ አድርጋ ቆረጠችው። ድመቱ ከግድግዳ እየተላተመ፣ ባለቤቱ በሬን እየደበደበ፣ እኔ ሳቄን አፍኜ ይቅርታ ስል ዋልኩ።

እሺ፣ ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። ዙሪያ ዙሪያውን እየዞርኩ እንደሆነ ገብቶሻል።

አዳራሻችን ውስጥ ያሉት አግዳሚዎች በሙሉ ለሁለት ሰው የተሠሩ መሆናቸውን አይተሻል? ማኅበሩ ሲመሠረት ያወጣነው ደንብ ነው። እያንዳንዷ አያት አብራት የምትቀመጥ አንዲት ሴት አለቻት፤ «ጎኔ» ነው የምንላት። እኔ ብሞት ልጄን ጎኔ ትወስዳለች፤ እሷ ብትሞት የሷን እኔ እወስዳለሁ። ወረቀት የለውም፣ ፊርማ የለውም። ሰው ሁሉ እያየ አጠገቧ ትቀመጫለሽ፣ የእናንተው ነኝ ትያለሽ፣ ይጨበጨባል፤ አለቀ፣ ደቀቀ።

የኔ ጎን ጥልፍ ሠሪዋ ነበረች። አንቺ ከመምጣትሽ ጥቂት ወራት ቀደም ብላ አረፈች። ልጆቿ አድገው ሥራ ይዘዋልና የሷ ነገር አላስጨነቀንም። እኔ ግን ባዶ ጎን ይዤ ቀረሁ። ለእናንተ ለእንግዶቹ በግድግዳው በኩል ወንበር ተደርድሮ ነበር። አንቺ ሳፋውንና ሻምፖውን ስታስቀምጪ ዘግይተሽ ገባሽ፤ እጅሽን በቀሚስሽ እየጠረግሽ መጥተሽ አጠገቤ ዘጭ አልሽ። ከዚያ ያንን ቃል አፍሽን ሞልተሽ ተናገርሽና ተመልሰሽ እዚያው ተቀመጥሽ። ቤቱ ቢደበላለቅ ይፈረድበታል?

እንዳላወቅሽ እኔ አውቃለሁ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ዝም አልኩ።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ፌንጣ ከኔ ሌላ ያላት የሥጋ ዘመድ የአባቷ ወንድም ብቻ ነው፤ ያ ባለ ጋራዡ። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ከዚህ ቀደም የእህቱን ልጅ አሳድጋለሁ ብሎ ወስዶ፣ ልጅቷ ትምህርቷን ትታ የሱን ልጆች ስታዝል፣ የሱን ቱታ ስታጥብ ቀረች። አሁን ደግሞ ባገኘኝ ቁጥር፣ «እርስዎ ሲደክሙ ፌንጣን እኔ ነኝ የምወስዳት፣ ቤታችን ሰው ያስፈልገናል» ይለኛል። ሰው ያስፈልገናል ነው የሚለው፣ ሰምተሻል? ደንባችን ደግሞ ጎን የሌላት አያት ልጇ ለሥጋ ዘመድ ይሰጣል ይላል። ሊቀመንበሯ ጎን ፈልጊ እያለች ወጥራ ይዛኝ ነበር። ሁሉም የየራሱ ጎን አለው፤ በላዩ ላይ ማን ይጨምራል? እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ያ ጭብጨባ መጣ። እፎይ አልኩ። የማይገባኝ እፎይታ መሆኑን እያወቅኩ እፎይ አልኩ።

አሁን ሰፈሩ በሙሉ ዕቃሽን ልታመጪ የሄድሽ ነው የሚመስለው። ሊቀመንበሯም የጠየቀችው ለዚህ ነው። ግን አይዞሽ፣ ማንም አይዝሽም፤ መሀላችን ባሕር አለ። እኔም ብረት ነኝ፤ ገና ፌንጣን እድራለሁ። ለሊቀመንበሯ ብቻ እንዳትጽፊላት።

የስልክ ቤቷ


ኅዳር 27

ይድረስ ለእማማ፤

እንደምን ሰነበቱ። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት አንዲት ደንበኛ ማድረቂያው ሥር አስቀምጬ ነው። «ኧረ ተቃጠልኩ» ስትል ነው የባነንኩት። እንዲያም ሆኖ እሷን ሸኝቼ እንደገና አነበብኩት።

ተቀይሜዎታለሁ። ይህን ሳልናገር ስለ አየሩና ስለ ገበያው ባወራ እርስዎም ያውቁብኛል። የተቀየምኩት ዝም ስላሉ አይመስለኝም፤ የልጅ ነገር ሆኖ ማን ዝም አይልም። ያ ጭብጨባ የኔ አለመሆኑ ነው ሆዴን ያባባው። ስንቱን ደንበኛ ጨምድጄ ይዤ፣ ፊቱን ወደ መስተዋቱ አዙሬ፣ እንዲህ ተነሥተው እንዲህ አጨበጨቡልኝ ስል ከረምኩ። ለካ ያጨበጨቡት ለአደራው ነው። እኔ ብሆን፣ ሌላ ሰው ብትሆን፣ እዚያ ቦታ ላይ የተቀመጠች ሁሉ ይጨበጨብላት ነበር። ብቻዬን ስስቅ የከረምኩት ትዝ ሲለኝ የምገባበት ይጠፋኛል።

በመጨረሻው ገጽ ጠርዝ ላይ በትንሹ፣ ባል ወይ ልጅ የለሽም ወይ ብለው ለጠየቁኝ ደግሞ፣ አይ፣ የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። እናታችን ስትታመም ከቤቱ እኔ ነበርኩ ሥራ የሌለኝ፤ እሷን ሳስታምም ጓደኞቼ አገቡ። እሷ ስታርፍ ሱቁን ያዝኩ። የወንድሜ ልጆች ሲወለዱ እያዘልኩ አሳደግኩ፣ ግን ማታ ማታ ለናታቸው እየመለስኩ ነው። ከሱቁ ጀርባ አንዲት ክፍል አለችኝ፤ አልጋዋ የአንድ ሰው ናት። ያ ጢሙን ያጣው ድመት ከኔ ይልቅ ስለ ልጅ ያውቃል። እኔ ልጅ በአደራ የሚሰጠኝ ሰው አይደለሁም፣ እማማ።

ከቅያሜዬ ይልቅ ግን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነው። አንድ ነገር ቢሆኑ፣ ያ ሁሉ ሰው «ጸጉር ሠሪዋ ትመጣለች» እያለ በር በር ሊያይ ነው። ፌንጣም አብራ ልታይ ነው። እኔ ደግሞ እዚህ የሰው ጸጉር እየቆረጥኩ ልቀመጥ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር በልጅ ራስ ላይ አንጭንም። እባክዎ እውነቱን ይንገሯቸው። እርስዎ ካልነገሯቸው እኔ ለሊቀመንበሯ እጽፋለሁ።

ቃሌ ጠንክሮብዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 20

ልጄ፤

ልክ ነሽ። ከዚህ በላይ ምን እላለሁ።

ነገርኳቸው። ባለፈው ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ ያቺ ልጅ ጎኔ አይደለችም፤ እሷ አላወቀችም፣ እኔ አውቄ ነው ዝም ያልኩት አልኳቸው። አግዳሚውን ይዤ ቆምኩ። በኋላ ሊቀመንበሯ መነጽሯን አውልቃ፣ «ዕድሜሽን ሙሉ የሰው መስመር ስታገናኚ ኖረሽ የራስሽን አጣመምሽው» አለችኝ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ። ዳቦ ጋጋሪዋ ብቻ ነገሩ ዘግይቶ ገብቷት፣ «ታዲያ ተመልሳ አታጥበንም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ስለ ጭብጨባው አላባብልሽም። ለአደራው ነው ያጨበጨቡት። ነገር ግን የሄድሽ ዕለት ጠዋት አውቶቡስ ተራ ድረስ የመጡትን ሴቶች አስቢያቸው። ከቤቷ መውጣት ያቆመችው እንኳ ራሷን አበጥራ፣ ምርኩዟን ይዛ መጥታ ነበር። ያን ዕለት ስለ ጎንም ስለ አግዳሚም ያሰበ ሰው አልነበረም። አንቺን ሊያዩ ነው የመጡት። እሱ ያንቺ ነው፤ ማንም አይነጥቅሽም።

ለሊቀመንበሯ ልከሽ ያስጠየቅሽው ነገር ደግሞ ደርሶኛል። ተቀይሜያለሁ ብለሽ ጽፈሽ ሳምንት ሳይሞላሽ ልጅቷን እዚህ ብወስዳትስ ብለሽ መጠየቅሽ አንጀቴን አራሰው። ግን አይሆንም፤ ሊቀመንበሯም አይሆንም ብላለች፣ እኔም አልኩ። ጎን ማለት ልጅ በእግሯ ሄዳ በሯን የምታንኳኳባት ሴት ናት። እናቷን ያጣች፣ አያቷን የምታጣ ልጅ፣ ትምህርት ቤቷንና ጓደኞቿንም አብራ እንዳታጣ ብለን ነው ደንቡን ያወጣነው። ላንቺ ተብሎ አይሻርም።

ሊቀመንበሯ እስከ የካቲት መጨረሻ ጊዜ ሰጥታኛለች፤ ጎን ካላገኘሁ ባለ ጋራዡ ይጠራል። እሱ ሳይጠራም መጥቶ ነበር። ፌንጣን አቁሞ ከላይ እስከ ታች አየና፣ «አድጋለች፣ ክንዷም ጠንክሯል» አለኝ። ከረሜላ ሰጥቷት ሄደ። እሷ ከረሜላውን በላች።

ለጥቂት ቀን ከቤት ራቅ ልል ስለምችል መልስሽን በሊቀመንበሯ አድራሻ ላኪው። የሚያሳስብ ነገር አይደለም፤ ደረቴን ሊያዩልኝ ነው። ሳል ነው።

የስልክ ቤቷ


ጥር 9

ይድረስ ለእማማ፤

ሳል ነው ይሉኛል። እኔ ጅል አይደለሁም። ሊቀመንበሯ ዘንድ ደውዬ፣ ሆስፒታል መሆንዎን ሰምቻለሁ፤ የምን ሕመም እንደሆነ ግን «እሷው ትንገርሽ» ብለው ዘጉብኝ። እንዳላስቀይምዎ ብዬ እርስዎ ዘንድ አልደወልኩም። እባክዎ እንዴት እንደሆኑ ይጻፉልኝ። ትናንት የአንዷን ደንበኛ ጸጉር ግራና ቀኙን አበላልጬ ቆርጬ፣ ፋሽን ነው ብዬ ሸኘኋት።

ባለፈው ደብዳቤዎ ጀርባ ላይ ፌንጣ በእርሳስ አንድ ጥያቄ ጽፋልኛለች። እርስዎ ያዩት አይመስለኝም። ምን ብላ እንደጠየቀችኝ አልነግርዎትም፤ ለሷ ብቻ በሌላ ወረቀት መልሼላታለሁ፣ እንዳይከፍቱባት። ይህን ያህል ግን ልንገርዎት፤ ጥያቄውን ሳነብ፣ በሕይወቴ አንድም ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ እንደማያውቅ ገባኝ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ መቼ እንደምጨርስለት ነው፤ እሷ ግን የጠየቀችኝ ስለ እኔው ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አሰብኩ። ከወንድሜ ጋርም ተነጋገርን። ልሄድ ነው፣ እዚያው ልኖር ነው ስለው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ተቆጣ። «ሰው በስህተት በተቀመጠበት ቦታ ብሎ ሀገር ይለቃል?» አለኝ። እኔም፣ እስካሁን የተቀመጥኩበትን ሁሉ መርጬ የተቀመጥኩበት ይመስልሃል ወይ አልኩት። «እኛንስ ለማን ትተሽን?» ሲለኝ እንባዬ መጣ፤ ወንድሜን እወደዋለሁ። ግን ቤቱ ሙሉ ነው። ልጆቹ እናት አላቸው፣ እሱም ሚስት አለው፤ እኔ ብጎድል ቅር ይላቸዋል እንጂ አይወድቁም። ይህን ስነግረው አላመነም። ለማንኛውም አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ ሱቁን ልትረከበኝ ተስማምተናል።

ልጅ ማሳደግ አላውቅም ብዬዎታለሁ፤ ዛሬም አላውቅም። እናቴን እስከ መጨረሻዋ ማስታመም ግን ችያለሁ፤ ያን ጊዜም አላውቅበትም ነበር። ጸጉር ደግሞ የትም ይበቅላል፣ እዚያም ቢሆን እንጀራዬን አላጣም። እናንተ ሰፈር አንዲት ክፍል ፈልጉልኝ፤ ፌንጣ በእግሯ የምትደርስባት ትሁን። የምመጣው አዝኜላችሁ እንዳይመስልዎ፤ አዝኜ ቢሆን ልብስ ልኬ በተገላገልኩ። እናንተ ዘንድ ሳለሁ ጠዋት ስነሣ የሆነ ሰው ይጠብቀኝ ነበር። ያንን ለመድኩት፤ ይኸው ነው።

አሁን ግን እኔ ልጠይቅዎት። ይፈልጉኛል ወይ? አስበው፣ ቁርጡን ይንገሩኝ።

ልጅዎ


ጥር 28

ልጄ፣ የኔ እመቤት፤

ደብዳቤሽን ነርሷ ናት ያነበበችልኝ፤ መነጽሬ ቤት ቀርቶ ነበር። ለሊቀመንበሯም ሰጠኋት። እሷ መቼም አታለቅስም፤ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ተመለሰች። ደንቡ ይፈቅዳል፣ ትምጣ አለች። ከዳቦ ቤቱ በላይ አንዲት ክፍል ተገኝታልሻለች፤ መስኮቷ ወደ ትምህርት ቤቱ በር ነው የሚያየው።

ይህን ብቻ ጽፌ ብልክልሽ እንዴት ደስ ባለኝ። አንቺም ዕቃሽን ጭነሽ ትመጪ ነበር። ግን ባለፈው መናገር ሲገባኝ ዝም ብዬሻለሁ። ሁለተኛ አላደርገውም።

ሳል አይደለም። ሳንባዬ ነው፣ ክፉው በሽታ። ቀዶ ጥገናውን ጀምረው መልሰው ዘጉት። ሐኪሟን ቁርጡን ንገሪኝ ብዬ ያዝኳት፤ ልጅ እግር ናት፣ እጄን ይዛ፣ «ዓመት አልልዎትም እማማ» አለችኝ። ስለዚህ ምን እያልኩሽ እንደሆነ ተረጂ። ሌላዋ ሴት ጎን ስትሆን፣ ምናልባት አንድ ቀን ብላ ነው። ምናልባትም ሳይደርስባት ያልፋል። አንቺ ላይ ያለው እንዲያ አይደለም። መጥተሽ ታስታምሚኛለሽ፣ ትቀብሪኛለሽ፣ ከዚያ ልጅ ታሳድጊያለሽ፤ ያውም ድመት የምትላጭ ልጅ። እናትሽን አስታምመሽ ዕድሜሽ እንዳለፈ ጽፈሽልኛል። ደግሜ እዚያው ልከትሽ ነው። ይህን አውቀሽ ብትቀሪ አንዲት ቅንጣት አልቀየምሽም። ለአዳራሹም እኔው ቆሜ እነግርልሻለሁ፤ ለምጄዋለሁ።

ይፈልጉኛል ወይ ላልሽው፣ ልጄ፣ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማስበው አንቺን ነው። ከዚህ ሌላ እንዴት እንደሚባል አላውቅም።

ፌንጣ አታውቅም። ሊቀመንበሯ ዘንድ ናት፤ በየቀኑ እየመጣች አልጋዬን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን እጀታ ታዞረዋለች፣ ነርሶቹን ታስለቅሳለች። ልነግራት አፌን እከፍትና ሌላ አወራለሁ። ስልክ ቤት ሳለሁ የስንቱን መርዶ በዚህ ጆሮዬ አሳልፌያለሁ። በራሴ ሲመጣ ግን አፌ ይተሳሰራል። እናቷ የሞተች ጊዜም እንዲሁ ሆንኩ። ገና ሕፃን ነበረች፤ ብቻዬን ነበርኩ፤ መንገድ ሄዳለች አልኳት። ልጅቷ አምናኝ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር እየሮጠች ስትከፍት ከረመች። እውነቱን የሰማችው ትምህርት ቤት ከልጆች ነው። ዛሬም ድረስ የሆነ ነገር ስነግራት፣ «እውነት ነው ግን?» ትለኛለች። አሁን ደግሞ ይህን እንዴት አድርጌ ልንገራት? ቀኑ እየሄደ ነው፣ እኔም እየከሳሁ ነው፤ ልጅ ደግሞ ዓይን አላት።

መልስሽን እጠብቃለሁ። ቀረሁ ብትዪም ጻፊልኝ።

የስልክ ቤቷ


የካቲት 9

ይድረስ ለእማማ፤

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ሱቁ ውስጥ፣ ሰው ፊት፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጓደኛዬ ደንበኞቹን አስወጥታ በሩን ዘጋችልኝ።

ስለነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ። ቢደብቁኝና ደርሼ ባየው ኖሮ ይቅር የምልዎት አይመስለኝም። ፈርቻለሁ፤ አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ጠዋት ወንድሜ ዘንድ ሄጄ ነገርኩት። ይከለክለኛል ብዬ ነበር። ተነሥቶ ሻንጣዬን በገመድ ማሰር ጀመረ። አስተሳሰሩን አያውቅበትም፣ ሚስቱ ፈታ ደግማ አሰረችው።

ደብዳቤዬ ቀድሞኝ እንዲደርስ፣ ከዛሬ ሁለት ሳምንት በኋላ ባለው ሐሙስ እገባለሁ። ተቀባይ አያስፈልገኝም፣ መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ከአውቶቡስ ተራ በቀጥታ ሆስፒታል ነው የምመጣው። ነርሶቹ ሳፋና ሙቅ ውኃ ካላቸው ያስጠይቁልኝ፣ የሆስፒታል ትራስ ጸጉርዎን እንዴት እንዳደረገው ይታየኛል። ለባለ ጋራዡም ሊቀመንበሯ ይንገሩት፤ ፌንጣን ማየት ሲፈልግ እኔ ቤት መጥቶ ያያታል፣ ከረሜላም ያምጣላት።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። እስከዚያ ሐሙስ እንደምንም ይቆዩኝ፣ ለሷ ብቻዎን እንዳይነግሯት። እኔም እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ ነግሬ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚነገር ማንም አላስተማረኝም። ግን አልጋው ላይ መሀላችን እናስቀምጣታለን። እርስዎ ይጀምሩላታል፤ ቃል ያነሰዎት ቦታ ላይ እኔ እቀጥላለሁ።

ልጅዎ